አበልጄ የሠራችው ሹሩባ

ቀናተኛ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ደግነቱን ከፊት አሰልፎ ክፋቱን ጓዳ ይደብቃል። እኔ ግን ስለዚያ ጉዞ ሳወራ ቅናቴን ከደበቅሁ የሚተርፈኝ በረዶ ብቻ ነው፤ በረዶ ደግሞ ሁሉም ሰው በስልኩ አይቶታል።

የምቀናው በሩቅ ሰው አይደለም፤ በአበልጄ ነው። የልጄ የክርስትና እናት ናት። ልጄ በሰማንያ ቀኗ እዚሁ ለንደን ክርስትና ስትነሳ ያቀፈቻት እሷ ናት። ከዚያ በፊት ዋይት ሲቲ ውስጥ አንዲት ክፍል ተጋርተን ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል። አንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ሲፈልግ የሚሠራ ሲያሻው የሚተኛ አንድ ማሞቂያ። ጎህ ሳይቀድ ቢሮ እናጸዳለን፣ ከሰዓት እንግሊዝኛ እንማራለን፣ እሁድ እሁድ እሷ መሬት ላይ ትቀመጥና እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆኜ ጸጉሯን እሠራታለሁ። እጄ ያኔም የተመሰከረለት ነበር። እሷ በበኩሏ የራሷን ጸጉር በወጉ ማበጠር እንኳን የማትችል ሴት ነበረች፤ ማበጠሪያ ስትይዝ ማንኪያ የያዘች ነው የምትመስለው።

ከዚያ እሷ ነርስነት ተማረች፣ እኔ ጸጉር ቤት ገባሁ። እሷ አንድ ረጋ ያለ አሜሪካዊ አግብታ ወደ አገሩ ሄደች፤ እኔ ያገባሁት ሰው ዛሬ ቶተንሃም ከሌላ ሚስቱ ጋር ይኖራል። እሷ ልጅ አልወለደችም፤ እኔ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ዕድል ሲያከፋፍለን ለእሷ ሌላውን ሁሉ፣ ለእኔ ልጄን ብቻ የሰጠኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ልጄን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። አባቷም ቢሆን አልፎ አልፎ ሲወስዳት እስክትመለስ ድረስ ስልኬን ከእጄ አላወጣም።

ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ካለ ጸጉር ቤት አንድ ወንበር ተከራይቼ ሹሩባ እሠራለሁ። ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ ድግስ ያለባት፣ ሁሉም ወደ እኔ ነው። መስመሬ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከበርሚንግሃም ባቡር ተሳፍረው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ።

የልጄን ጸጉር ግን አልሠራም። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ አንድ ቀን የጸጉር ቤቱ ሽንት ቤት ገብታ፣ ሦስት ሰዓት የፈጀብኝን ሹሩባ አንድ ባንድ ፈትታ ወጣችና «ከእንግዲህ አትንኪኝ» አለችኝ። ስድስት ዓመት ሆነው። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጸጉሯን ራሷ በፒያስትራ ትተኩሳለች። ጠዋት ጠዋት ኮሪደራችን የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል። ጫፉ እንደ ደረቅ ሣር ሲሰባበር እያየሁ ጥርሴን ነክሼ ሻዬን እጠጣለሁ። ጥፋቱን ያላከክሁት በትምህርት ቤቷና በፈረንጅ ጓደኞቿ ላይ ነበር። ደንበኞቼ «የአንቺ ልጅ ሆና ምነው?» ሲሉኝ «ምን ይደረግ፣ የእዚህ አገር ልጅ» እላለሁ።

በጥቅምት መጨረሻ አበልጄ ደወለች። ኮሎራዶ ተራራ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው የምትኖረው፤ በከተማዋ ክሊኒክ ውስጥ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ እግራቸውን የሰበሩ ሰዎችን ታክማለች።

«ዘንድሮ ኑልኝ» አለች። «ባለቤቴ ለበዓል እናቱ ጋ ነው የሚሄደው። እኔ ከፈረንጅ ገና ማግስት ጀምሮ አንድ ሳምንት ኦፍ ወስጃለሁ። ቲኬቱን ዛሬውኑ ቡክ አድርጊ።»

«ሥራ አለብኝ» አልኩ።

«ማሚ፣ ጸጉር ቤቱ እኮ ያኔ ዝግ ነው» አለች ልጄ ከጎኔ፤ ስልኩ ላይ እያፈጠጠች። «ፕሊዝ። ምንም ጠይቄሽ አላውቅም።»

ፓስፖርታችን የእንግሊዝ ስለሆነ ቪዛ ብዬ እንኳን ማምለጫ አላገኘሁም። ሄድን።

ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ ጠበቀችን። መጀመሪያ ያቀፈችው ልጄን ነው። ልጄ እኔን ስታቅፈኝ ክንዷን በትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ወዲያው ትመልሳለች። እሷን ግን አቅፋ አንገቷ ሥር ገብታ ቆየች። እኔ ሻንጣዎቹን ይዤ ቆሜ፣ ሻንጣ የሚጠብቅ ሰው ዓይን እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ ወዲያ ወዲህ አየሁ።

መንገዱ ሽቅብ ነው። መኪናው እየወጣ እየወጣ ሲሄድ አበልጄ «ከፍታው ራስ ያሳምማል፣ ውኃ ጠጡ» አለች።

«እኔን? እኔ የአዲስ አበባ ልጅ!» አልኩ። «ከፍታ ለእኔ ቤቴ ነው።»

በማግስቱ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። አልጋ ላይ ተዘርሬ ስቃትት አበልጄ የደም ግፊቴን ለካች፣ ክኒን ሰጠችኝ፣ ትራሴን ከፍ አደረገችልኝና «ሃያ ሁለት ዓመት ለንደን ተቀምጠሽ ሳንባሽ ሁሉን ረስቶታል» ብላ ሳቀች። ልጄም አብራት ሳቀች። በእኔ ላይ አብረው ሲስቁ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከተማዋ ከተማ ለመባል የምትበቃ አይደለችም። አንድ መንገድ፣ ግራና ቀኝ የእንጨት ሱቆች፣ በየጣሪያው ክንድ የሚያህል በረዶ፣ በየዛፉ መብራት። ሰዎቹ የስኪ ጫማቸውን እንዳጠለቁ ዳዴ እንደሚል ሕፃን እየተንገዳገዱ ይሄዳሉ። ከዳቦ ቤቱ እስከ ፖስታ ቤቱ ደርሶ ለመመለስ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ከአበልጄ ጋር ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ያስፈልጋል። ሁሉም ያቆማታል። አንዱ ጉልበቱን ያሳያታል፣ አንዷ የልጇን ክንድ፣ ሽማግሌው ኮፍያውን አንስቶ በስሟ ይጠራታል፤ ስሟንም አስተካክሎ ነው የሚጠራው። እኔ ዊልስደን አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩት ጎረቤቴ ሊፍት ውስጥ ሲያገኘኝ የሚያየው የፎቁን ቁጥር ነው። «እንዴት ለመዱሽ?» አልኳት። «ሰብሬ ሳይሆን ጠግኜ ነዋ» አለች። ልጄ በኩራት አየቻት። እኔም ብዙ ራስ ጠግኛለሁ፤ ግን መንገድ ላይ ቆሞ ኮፍያ የሚያነሳልኝ የለም።

የገና ጾም ላይ ነበርን። በዚያች ከተማ አይብ ያልነካው ምግብ የለም፤ ሾርባው ላይ አይብ፣ ድንቹ ላይ አይብ። አበልጄ ግን ቀድማ ሽሮ አስመጥታ፣ ምስር ቀቅላ፣ የአጃ ወተት ደርድራ ጠበቀችን። «እናንተ ስትመጡ ነው እኔም ጾም የጀመርኩት፣ ብቻዬን አይሆንልኝም» አለች። ሽሮዋ ላይ እንከን ፈለግሁ። ጨው በዛበት እንዳልል አልበዛም፤ ቀጠነ እንዳልል አልቀጠነም። ደግ ሰው ላይ መቅናት ከባድ ሥራ ነው፤ የምትይዢው ጫፍ አታገኚለትም።

በሦስተኛው ቀን ጀማሪዎች የሚማሩበት ትንሽ ኮረብታ ወሰደችን። እኔ የእሷን ቦት ተውሼ፣ በሁለት ሹራብና በአንድ ካፖርት ተጠቅልዬ ከታች ቆምኩ። ጥዋት ማታ ቆሜ ስለምሠራ ወገቤ እንደዚህ ያለ ጨዋታ አይችልም። ልጄ ወጣች፣ ወረደች፣ ወደቀች። ስትወድቅ እጇን የዘረጋችው ለአበልጄ ነው። በእርግጥ አበልጄ ሁለት እርምጃ፣ እኔ ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ነበርን። ቢሆንም የተዘረጋውን እጅ አየሁት፤ ወደ ማን እንደተዘረጋም አየሁ። በእጄ የያዝኩት ትኩስ ቸኮላት ቀዝቅዞ ቆዳ አወጣ።

አራተኛው ጠዋት ላይ ራስ ምታቴ ለቀቀኝ። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የልጄ ሳቅ ነው። ቤታችን ውስጥ የምትስቀው በስልኳ ውስጥ ላለ ሰው ነው፣ በአፍንጫዋ ብቻ። ይሄኛው ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነበር። በካልሲዬ ደረጃውን ወርጄ ግማሹ ላይ ቆምኩ።

ትልቁ መስኮት አጠገብ አበልጄ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ልጄ መሬት ላይ፣ ትራስ ላይ፣ በጉልበቶቿ መካከል። ሲኒ ላይ በተደገፈው ስልኳ ውስጥ ሹሩባ እንዴት እንደሚሠራ የምታሳይ ሴት ታወራለች። አበልጄ ምላሷን በአፏ ጥግ አውጥታ፣ መርፌ ላይ ክር እንደምታስገባ ሴት ዓይኗን አጥብባ፣ ትጎነጉናለች። መስመሩ ከግንባር ተነስቶ ወደ ጆሮ ያዘነብላል፣ ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው ደንግጦ ይመለሳል። አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። ልጄ «አንቲ፣ እንደገና ጠፋብሽ?» ትላለች። «ዝም በይ፣ እየቆጠርኩ ነው» ትላታለች። ሁለቱም ይስቃሉ።

ያ ቦታ የእኔ ነው። እናትየው ሶፋ ላይ፣ ልጅየዋ መሬት ላይ፣ ጭንቅላቷ እጄ ውስጥ። ስድስት ዓመት የተከለከልኩትን ቦታ ማበጠሪያ መያዝ የማታውቅ ሴት ቁጭ ብላበታለች። ማልቀስ ይሻለኝ ነበር፤ እኔ ግን ሳቅሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ እየወረድኩ። «መስመሩ የዊልስደን አውቶቡስ የሚዞርበት መንገድ መሰለ እኮ! እንዲህ ሆነሽ ሰው አይቶሻል እንዴ ልጄ? ተነሺ፣ ልፍታልሽና በደንብ ልሥራሽ።»

እጄን ዘረጋሁ። ልጄ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ከደነች፤ ሰው ሊመታት የመጣ ይመስል።

«ኖ ማሚ። ወድጄዋለሁ።»

ግማሹ እንደተሠራ፣ ግማሹ እንደተንጨባረረ ተነስታ ወደ ላይ ወጣች። በሩ ተዘጋ።

አበልጄ ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ተከተልኳት። እዚህ ላይ የተናገርኩትን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። አበልጄ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቴም እንደጨነገፈባት ከባሏ ሌላ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሁለቴም ስልክ ይዛ ያለቀሰችው ለእኔ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ ጀርባዋን እያየሁ፣ «ልጅ ካማረሽ በጊዜው መውለድ ነበር። የእኔን አትቀሚኝ» አልኳት።

ቧንቧውን ዘጋችው። ዞራ ሳታየኝ እጇን በፎጣ አደረቀች።

«እኔ አልለመንኳትም» አለች። «እሷ ናት የጠየቀችኝ። አልችልም ብያታለሁ። ስለማትችይ ነው የምፈልግሽ አለችኝ። ለምን እንደሆነ እኔን ሳይሆን እሷን ጠይቂያት።»

ካፖርቷን ለብሳ አካፋ ይዛ ወጣች። በመስኮቱ አየኋት። ማታ በረዶ አልጣለም ነበር፤ ትናንት የጠረገችውን ቦታ ደግማ ጠረገችው።

ላይ ወጥቼ አንኳኳሁ። ልጄ አልጋው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ያልተሠራው ግማሽ ጸጉሯ ባንድ በኩል ቆሟል። ደንገጥ ብዬ አየሁት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ፒያስትራ አላየሁትም፤ ቁርጥ የእናቴን ጸጉር ነው።

«እኔ ስሠራሽ ምን አደርግሽ ነበር?» አልኳት። «አሳመምኩሽ? እጄ ከበደሽ?»

«አያምም ነበር።»

«ታዲያ?»

ወደ ግድግዳው እያየች ተናገረች፤ አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉር ቤት ትወስጂኝ ነበር። ትሠሪኛለሽ። ስትጨርሺ አገጬን ትይዢና ታዞሪኛለሽ፤ ለሴቶቹ። ‹ይሄን ዓይነት ነው የምትፈልጊው? ወይስ በጎን እንዲህ?› ትያቸዋለሽ። እነሱ ይነካሉ። ከዛ ሌላ ሴት ትመጣና ሌላ ዓይነት ትጠይቃለች። ፈትተሽ ሌላ ትሠሪኛለሽ። ምን ትፈልጊያለሽ፣ ምን ያምርሻል ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ዋት ወዝ አይ፣ ማሚ? ምን ነበርኩ? ካታሎግ?»

ካታሎግ። ቃሉ የእኔ ነው። «ነይ እስቲ ካታሎጌ!» ብዬ ነበር የምጠራት፤ ሴቶቹ ይስቁ ነበር፣ እኔም በፍቅር ነበር የምለው። እኛ ዘንድ ልጅን እንግዳ ፊት አቁሞ ማሳየት ፍቅር ነው። እናቴ እኔን ታሳየኝ ነበር፤ ጥርሴን፣ ዳንሴን፣ የክፍል ደረጃዬን። ያማረ ነገር ያለው ሰው ያሳያል እንጂ ይደብቃል እንዴ?

የመጀመሪያ መልሴ ይቅርታ አልነበረም። «ለማን ብዬ መሰለሽ? የእነዚያ ሴቶች ገንዘብ ነው እኮ ያሳደገሽ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ልጄ ግን ቀጠለች።

«አንቲ ስትሠራኝ ማንም አያይም። እሷም ራሷ አታይም፤ ቪዲዮውን ነው የምታየው።»

ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ለእኔ አልነበረም። አፌን ዘጋሁ። አገጯን አየሁት። ስንት ቅዳሜ በሁለት ጣቴ ይዤ እንዳዞርኩት ማስታወስ ሞከርኩ፤ ብዙ ነው። ፊቷን ግን በአንዱም ቅዳሜ ላስታውሰው አልቻልኩም። የማስታውሰው መስመሩን ነው።

ቀሪው ግማሽ የዚያን ቀን ከሰዓት ተሠራ፣ በአበልጄ እጅ። እኔ ላይ ተኝቼ ኮርኒሱን እያየሁ ሳቃቸውን ሰማሁ። ያኔም ቀናሁ። ጥፋቴን ማወቄ ቅናቴን አላስታገሰውም፤ እንዲያውም አባሰው፤ አሁን የምናደድበት ሰው እንኳን አልነበረኝም።

ሁለት ቀን በጨዋነት ኖርን። «ሻይ ልድገምሽ?» «አይ፣ በቃኝ፣ አመሰግናለሁ።» ከአበልጄ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ «አመሰግናለሁ» ተባብለን አናውቅም። መመለሻችን ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በረዶው ላይ ዓይን እያጠፋ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ካልሲ ስጠቀልል መጣች። የያዘችው ማበጠሪያና የቅባት ቆርቆሮ ነው።

«ነገ ትሄጃለሽ። እኔን ማን ሊሠራኝ ነው?» አለችና መሬት ላይ፣ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

ጸጉሯ ሳስቷል። ከመሃል ሽበት ገብቶበታል። እጄ ግን አወቀው፤ ከግራ ጆሮዋ በላይ ያለችው አስቸጋሪ ሽክርክሪት ዛሬም አለች። ሦስት መስመር ያህል ሠራሁ።

«ይቅር በይኝ» አልኩ ለማጅራቷ። ፊቷን እያየሁ ብሆን አልለውም ነበር። «ያልኩሽን ሰው ለጠላቱ አይለውም።»

«ሥሪ ዝም ብለሽ» አለች።

እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ቁርጭምጭሚቴን ያዘች፤ እስክጨርስ አልለቀቀችውም። ቀና ስል ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እጆቼን ታያለች። ስልኳን አልያዘችም።

ለንደን ተመለስን። ያ ጠማማ ሹሩባ ከልጄ ራስ አልወረደም። ትምህርት ቤት ይዛው ሄደች፣ ገናን ዋለችበት፣ ሥሩ ጸጉር አበቀለ፣ ዙሪያው ተንጨባረረ። ፒያስትራው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ኮሪደሩ ሌላ ሽታ የለውም፣ ሻይ ብቻ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በየጠዋቱ የዚያችን ሴት የእጅ ሥራ ቁርስ ላይ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ እበላ ነበር። እጄን ያሳክከኛል። አንዷን መስመር ብቻ፣ የግንባሯን ብቻ ባስተካክላት እያልኩ።

ከገና ቀጥሎ በነበረው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አንዲት የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ትልቅ ሴት፣ ልጄን አዩዋት። ነጠላዋ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ነበር።

«ውይ! ይሄን ማን ሠራው?» አሉ፤ አዳራሹ ሁሉ እስኪዞር። «የአንቺ እጅ አይደለም መቼም! ነይ እስቲ ልጄ፣ ዞር በይ ልይሽ።»

እጃቸው ነጠላዋን ሊገልጥ ሄደ። ልጄ ቀጥ አለች። ወደ እሳቸው አላየችም፤ ያየችው እኔን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይን ነበር፤ ያኔ ያላየሁት።

ሙያዬ እየተሰደበ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር፦ «እኔ አይደለሁም፣ አሜሪካ ነው የተሠራችው» ማለት። አበልጄንም አሳልፌ እሰጣት ነበር፣ ደስ እያለኝ።

«እትዬ፣ ይተዉዋት» አልኩና እጃቸውን በቀስታ ያዝኩ። «የራሷ ጸጉር ነው።»

ቅር ብሏቸው ሄዱ። በኋላ እንደሰማሁት የእኔ ዓይን እንደደከመ፣ መስመር ማውጣት እንደተሳነኝ ለሰው አውርተዋል። በዚያ ወር አንድ ሁለት ደንበኛ ቀረብኝ። የዚያን እሁድ ስንመለስ ግን ልጄ አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ አጠገቤ ተቀመጠች።

ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ እሁድ ከሰዓት መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። ከዚያ ጠራችኝ።

«ማሚ፣ ከኋላ አልደርስበትም።»

ሹሩባውን እየፈታች ነበር። የፊቱን ጨርሳ የኋላው ቀርቷታል። ገባሁ። «በሩን ዝጊው» አለች። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በስተቀር ማንም አልነበረም፤ ዘጋሁት። እኔ ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ እሷ ምንጣፉ ላይ፣ በጉልበቶቼ መካከል ተቀመጠች። ፈታሁ። አፌ ላይ የመጣውን ቀልድ ሁሉ ዋጥኩ፤ ብዙ ነበር። ማበጠሪያውን ከጫፍ ጀምሬ ወደ ሥር አስገባሁ፤ ለስላሳ ነበር፣ የተቃጠለው ጫፍ እንኳን ማገገም ጀምሯል።

«ከፈለግሽ መሥራት ትችያለሽ» አለች፤ ለምንጣፉ የምትናገር ይመስል።

እጄ ቆመ። በሕይወቴ ለስንት ሴት የጠየቅሁትን፣ ለእሷ አንድም ቀን ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«ምን ዓይነት ልሥራሽ?»

አሰበች።

«አንቲ እንደሠራችኝ። ልክ እንደሱ። ጠማማውን።»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ ንዴቴም አልቀረም። ከበርሚንግሃም ሰው ባቡር ተሳፍሮ የሚመጣለት እጅ የአንዲት ነርስ ስህተት እንዲገለብጥ ታዘዘ። እሺ አልኩ። ማበጠሪያውን ግንባሯ ላይ አሳረፍኩና መስመሩን ወደ ጆሮዋ አዘነበልኩት። እጄ እምቢ አለ፤ በራሱ ቀጥ አለ። ደመሰስኩና እንደገና ጀመርኩ።

ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። መስታወቱ ሥር አስቀምጬው ነበር። አበልጄ ናት፣ በቪዲዮ፤ እሁድ እሁድ በዚህ ሰዓት ነው የምትደውለው። ፎቶዋ ብልጭ አለ፤ በረዶ ላይ ቆማ፣ እኔ የሠራኋት ሹሩባ ላይ ኮፍያ ደፍታ። ዘወትር እሷ ስትደውል ልጄ ናት ተስፈንጥራ የምታነሳው። እጄን ከጸጉሯ አውጥቼ እንድትነሳ ጠበቅሁ።

ልጄ አልተነሳችም። እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ እጄን ያዘችና መልሳ ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጠችው።

«አታንሺው» አለች። «እየሠራሽኝ እያለ ማንም እንዲያየን አልፈልግም።»

ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ያቺ ደግ ሴት፣ ሽሮ ያስመጣችልኝ፣ የደም ግፊቴን የለካች፣ ልጄን የመለሰችልኝ ሴት፣ ተራራዋ ላይ ብቻዋን ስልክ ይዛ ቀረች። በሩ በእሷ ላይ ተዘግቶ እኔ ከውስጥ በመሆኔ ደስ አለኝ። ቀናተኛ ነኝ ብዬ ነግሬያችሁ የለ? ሦስተኛውን መስመር ሳስወጣ እጄ ሳልነግረው ጠመመ።